የመጀመሪያው ቃልና የመጨረሻው ፍርድ

ሕግ አስከባሪው ራሱ ሕግ ሲጥስ ምስክሩ ማን ነው? ይህ ጥያቄ ፖሊስ የሚባለው ተቋም ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ የሕግ ሰዎችን ሲያስጨንቅ የኖረ ጥያቄ ነው። ሌባ ሲሰርቅ፣ ወንበዴ ሲዘርፍ፣ ወንጀሉን የሚመዘግበው፣ ምስክሩን የሚሰበስበው፣ መዝገቡንም አደራጅቶ ለዐቃቤ ሕግ የሚያስረክበው ፖሊስ ነው። በሰልፍ ሜዳ ላይ ግን ተደብዳቢው ሰልፈኛ፣ ደብዳቢው ፖሊስ በሚሆንበት ጊዜ መርማሪውና ተመርማሪው አንድ ወገን ሆነው ይገኛሉ። በዚህም የተነሣ ስለ አንድ ሰልፍ የሚነገረው የመጀመሪያው ቃል ለረጅም ዘመን የፖሊስ ቃል ነበር፤ የመጀመሪያውም ቃል ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ሆኖ ይቀር ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአበው ብሂል ስለ ንጉሥ ይነገር እንጂ የንጉሡን ዱላ የያዘውንም ሰው ይጨምር ነበር።

ይሁን እንጂ በቀድሞው የኢትዮጵያ የሙግት ሥርዓት መንገደኛው ሰው ዳር ቆሞ የሚያይ ባዕድ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ያየ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የማስቆም ሥልጣን ነበረው። ተሟጋቾችም ያገኙትን መንገደኛ ዳኛ አድርገው ከዛፍ ጥላ ሥር ይከራከሩ እንደ ነበር ይታወቃል። የዘመናዊው ፖሊስና የዘመናዊው ፍርድ ቤት መቋቋም ይህን የመንገደኛውን ሥልጣን ለባለሙያ አስረከበው። ከ20ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ኢንተርኔትና የእጅ ካሜራ ተባብረው ከዚህ ሥልጣን ከፊሉን ለመንገደኛው መልሰውለታል፤ የመለሱለት ግን የመመስከሩን እንጂ የመፍረዱን ሥልጣን አይደለም። በአንዳንድ አገሮች ዜጎች በሰልፍ ላይ የተፈጸመውን ግፍ እንዴት እንዳጋለጡና ያጋለጡትም ነገር በሕግ ፊት ምን ዕጣ እንደ ገጠመው መመርመር ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ የኢትዮጵያ ጉዳይ ሲነሣ «ዓ.ም.» ተብለው ከተለዩት በስተቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኢንተርኔት በፊት

የፖሊስን መግለጫ በምስል ማስተባበል የተጀመረው ኢንተርኔት ከመፈጠሩ በፊት ነው። ማርች 21 ቀን 1960 በደቡብ አፍሪካ በሻርፕቪል የይለፍ ወረቀትን ሕግ ለመቃወም በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ፖሊሶች ተኩስ ከፍተው 69 ሰዎች ተገደሉ። ከባለሥልጣኖቹ በኩል የተሰጠው ምክንያት ሕዝቡ ፖሊሶቹን ሊያጠቃ ተነሥቶ ነበር የሚል ነው። ኢያን ቤሪ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በስፍራው ያነሣቸው ፎቶግራፎች ግን ሕዝቡ ሕይወቱን ለማትረፍ ሲሸሽ የሚያሳዩ ነበሩ፤ በኋላም በፍርድ ሂደት በማስረጃነት ቀረቡ። ከ16 ዓመት በኋላ ጁን 16 ቀን 1976 በሶዌቶ የተማሪዎች ሰልፍ ላይ ሳም ንዚማ በጥይት የተመታው ሄክተር ፒተርሰን በአንድ ወጣት ክንድ ላይ ሆኖ ሲወሰድ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ፊልሙንም ከፖሊስ ለማዳን በካልሲው ውስጥ ሸሸገው። ሥዕሉ ዓለምን ዞረ። አንሺው ግን በፖሊስ ክትትል ምክንያት ከተማውንና ሙያውን ለቅቆ ለመሄድ ተገደደ፤ ሥዕሉን ያወጣው «ዘ ወርልድ» ጋዜጣም በ1977 ታገደ።

ከእነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በዚያን ጊዜ ማስረጃው አንድ ፊልም፣ ፊልሙን የሚያወጣው አንድ ጋዜጣ ነበርና ፊልሙን የነጠቀ ወይም ጋዜጣውን የዘጋ እውነቱን አብሮ ይዘጋ ነበር። እውነት የወጣው በጥቂት ባለሙያዎች ድፍረትና በካልሲ ጥልቀት ነው።

ካሜራው ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ወደ ተራው ሰው እጅ መግባቱ የታወቀው ማርች 3 ቀን 1991 ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ ጆርጅ ሆሊዴይ የተባለ ሰው ሌሊት በጩኸት ተቀስቅሶ ከመኖሪያ ቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግን ሲደበድቡ በቪዲዮ ካሜራ ቀረጸ። ድብደባው የተፈጸመው በሰልፍ ላይ ባይሆንም ለኋላው ታሪክ ሁሉ በር ከፋች ሆኗል። ሆሊዴይ አስቀድሞ የደወለው ለፖሊስ ጣቢያ ነበር፤ የረባ መልስ ባጣ ጊዜ ክሩን ለአንድ የአካባቢ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰጠ። ምንም እንኳ ድርጊቱ በሚሊዮኖች ዓይን ፊት ቢታይ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1992 የተከሰሱት 4 ፖሊሶች ከአንዲት የክስ ነጥብ በስተቀር ከክሱ ነጻ ተባሉ። የተከላካይ ጠበቆች ፊልሙን ምስል በምስል እየነጣጠሉ፣ በየአንዳንዱ ቅጽበት ፖሊሱ አደጋ እንደ ታየው አድርገው ለሕዝብ ዳኞቹ ተረጎሙላቸው። ከፍርዱ በኋላ በተነሣው ሁከት ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ1993 በፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለቱ ፖሊሶች የ30 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ስለሆነም ኢንተርኔት ከመስፋፋቱ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ሆኖ ነበር፤ ምስል ራሱን አይተረጉምም። በችሎት ውስጥ አንባቢ ያስፈልገዋል፤ በደንብ ያነበበውም ይረታበታል።

ጄኖቫ፦ ጠርሙሶቹና ፊልሙ

ኢንተርኔት በሰልፍ ታሪክ ውስጥ በጉልህ የገባው በ1999 መጨረሻ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ነው። የዓለም የንግድ ድርጅትን ስብሰባ ለመቃወም የመጡ ሰዎች «ኢንዲሚዲያ» የሚባል ድረ ገጽ አቋቋሙ፤ ማንኛውም ሰው ያየውን ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና ፊልም የጋዜጣ አዘጋጅ ሳያስፈቅድ በቀጥታ የሚያወጣበት ነበር። ፖሊሶች በአስለቃሽ ጭስና በጎማ ጥይት ሰልፉን ሲበትኑ የተነሡት ምስሎች በየሰዓቱ ወጡ። ከስብሰባው በኋላ የከተማው የፖሊስ አዛዥ ሥራውን እንደሚለቅ አስታወቀ።

የዚህ አዲስ መሣሪያ ኃይሉም ድካሙም በሙሉ የታየው ግን በጁላይ 2001 በኢጣልያ በጄኖቫ ከተማ ነው። የስምንቱ ባለኢንዱስትሪ አገሮች መሪዎች በተሰበሰቡበት ሰሞን፣ ጁላይ 21 ለ22 አጥቢያ፣ ፖሊሶች ሰልፈኞች ያድሩበት ወደነበረው የዲያዝ ትምህርት ቤት ገብተው በእንቅልፍ ላይ የነበሩትን ሳይቀር በቆመጥ ደበደቡ። 93 ሰዎች ተያዙ፤ ከእነዚህ ውስጥ ወደ ሐኪም ቤት የተወሰዱት ከ60 የሚያንሱ አልነበሩም። በመንገዱ ማዶ ባለው የፓስኮሊ ትምህርት ቤት የኢንዲሚዲያ ሰዎችና የሰልፈኞቹ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ፖሊሶች ወደዚያም ገብተው የጠበቆቹን ኮምፒውተሮች ሰባበሩ። ድብደባው ምን ያህል በማስረጃ ላይ ጭምር ያነጣጠረ እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

በማግስቱ ፖሊስ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጠ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ተገኙ የተባሉ ሁለት የቤንዚን ቦምብ ጠርሙሶች በጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ታዩ፤ ወረራው አደገኞችን ለመያዝ የተደረገ ሕጋዊ እርምጃ ነው ተባለ። ይህ የመጀመሪያው ቃል ነበር። በጄኖቫ ግን ካሜራ የያዘው ሰው ብዛት ቀድሞ ታይቶ የማይታወቅ ነበርና ከየአቅጣጫው የተቀረጹ ፊልሞችና ፎቶግራፎች መሰብሰብ ጀመሩ። የተጎጂዎቹ ጠበቆችና ረዳቶቻቸው ምስሎቹን በሰዓትና በቦታ እያዛመዱ አንዱን በሌላው አረጋገጡ። ከእነዚህም በአንዱ ፊልም ላይ ከፍተኛ የፖሊስ ሹማምንት በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጠርሙሶቹ ያሉበትን ሰማያዊ ከረጢት ይዘው ሲነጋገሩ ታዩ። አንድ የፖሊስ ባለሥልጣንም እነዚያን ጠርሙሶች በዚያው ዕለት ቀደም ሲል በከተማው ሌላ ስፍራ ያገኛቸው እርሱ ራሱ መሆኑን መሰከረ። ጠርሙሶቹ ከትምህርት ቤቱ የተገኙ ሳይሆኑ ወደ ትምህርት ቤቱ የመጡ ነበሩ።

ዐቃቤ ሕግ ኤንሪኮ ዙካና ባልደረቦቹ መዝገቡን ይዘው ዓመታት ተሟገቱ። ጁላይ 5 ቀን 2012 የኢጣልያ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት በ25 የፖሊስ አባላት ላይ የተላለፈውን የጥፋተኛነት ውሳኔ አጸና። ይሁን እንጂ በአካል ላይ ጉዳት የማድረሱ ወንጀል በይርጋ ቀሪ ሆነ፤ የቀረው የሐሰት ሰነድ የማዘጋጀት ወንጀል ብቻ ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ የተቀጡት ስለ ደበደቡት ሳይሆን ስለ ዋሹት ሆነ። ኤፕሪል 7 ቀን 2015 የኤውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት፣ በዚያች ሌሊት የተደበደቡት የ62 ዓመቱ አርናልዶ ቼስታሮ ባቀረቡት አቤቱታ፣ ድርጊቱ ማሰቃየት መሆኑንና የኢጣልያ ሕግ ይህን ወንጀል በስሙ አለመደንገጉ ጉድለት መሆኑን ፈረደ። ኢጣልያም በጁላይ 2017 ማሰቃየትን ራሱን የቻለ ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣች። እንግዲህ በመንገደኞች የተቀረጸ ፊልም የአንድ አገር የወንጀል ሕግ እስኪሻሻል ድረስ ተጓዘ፤ ጉዞው ግን 16 ዓመት ፈጀ።

ለንደን፦ ስድስት ቀንና ስድስት ወር

ሁለተኛው ታሪክ ኤፕሪል 1 ቀን 2009 በለንደን ከተማ የደረሰው ነው። የሃያዎቹ አገሮች ጉባኤ በሚደረግበት ዋዜማ ፖሊስ በእንግሊዝ ባንክ አካባቢ ሰልፈኞችን ከብቦ ይዞ ነበር። ኢያን ቶምሊንሰን የተባለ የ47 ዓመት ጋዜጣ ሻጭ፣ ሰልፈኛ ሳይሆን ወደ ማደሪያው የሚሄድ መንገደኛ፣ በመንገድ ላይ ወድቆ ሞተ። ፖሊስ ባወጣው የመጀመሪያ መግለጫ ሟቹን ሊረዱ በደረሱ ፖሊሶች ላይ ጠርሙስ ሳይሆን እንዳልቀረ የታመነ ነገር ይወረወር እንደ ነበር ተገለጸ፤ ሟቹን ፖሊስ ነክቶት እንደ ነበረ ግን አልተነገረም። የመጀመሪያው የአስከሬን ምርመራም አሟሟቱ ከልብ በሽታ የመጣ ነው አለ። ነገሩ በዚህ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር።

በስድስተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 7፣ «ዘ ጋርዲያን» ጋዜጣ አንድ ፊልም በድረ ገጹ አወጣ። ፊልሙን የቀረጸው ለሥራ ወደ ለንደን የመጣ አሜሪካዊ እንግዳ ነበር። በፊልሙ ላይ ቶምሊንሰን ሁለት እጆቹን በኪሱ ከትቶ፣ ጀርባውን ለፖሊሶች ሰጥቶ ቀስ ብሎ ሲራመድ፣ አንድ ፖሊስ ከኋላው መጥቶ እግሩን በቆመጥ መትቶ ገፍትሮ መሬት ላይ ሲጥለው ይታያል። በማግስቱ ሌላ ሐኪም አስከሬኑን መረመረ፤ የሞቱ ምክንያት በሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው መርማሪ ሐኪም ከጊዜ በኋላ ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ።

ሕጉ በምስሉ ፍጥነት አልተጓዘም። ጁላይ 22 ቀን 2010 ዐቃቤ ሕግ ክስ እንደማይመሠርት አስታወቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሐኪሞቹ በአሟሟቱ ምክንያት ላይ አለመስማማታቸው ነበር። ቀላል የድብደባ ክስ ለማቅረብ ደግሞ ሕጉ የሚፈቅደው 6 ወር ሲሆን ይህ ጊዜ ምርመራው ሳያልቅ አልፎ ነበር። ሜይ 3 ቀን 2011 የአሟሟት ምርመራ ችሎቱ የሕዝብ ዳኞች ቶምሊንሰን በሕገ ወጥ መንገድ መገደሉን ወሰኑ። ከዚህ ውሳኔ በኋላ ዐቃቤ ሕግ አቋሙን ለውጦ ፖሊሱን ሳይመን ሃርውድን በሰው መግደል ወንጀል ከሰሰው፤ ጁላይ 19 ቀን 2012 ሌሎች የሕዝብ ዳኞች ነጻ ለቀቁት። በዚያው ዓመት ከሥራው ተባረረ። በ2013 የለንደን ፖሊስ ለሟቹ ቤተሰብ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ካሣ ከፈለ።

ከዚህ ጉዳይ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ያ ፊልም ባይገኝ ኖሮ ሁለተኛው የአስከሬን ምርመራ በዚያ ፍጥነት ባልተደረገ፣ የመጀመሪያውም መግለጫ በመዝገብ ላይ በቀረ ነበር። በሌላ በኩል ፊልሙ ለሕዝብ የደረሰው በ6 ቀን ሲሆን የሕጉ የ6 ወር በር የተዘጋው ሁሉም ነገር በአደባባይ እየታወቀ ነው። ይፋ መውጣትና ለችሎት መድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በዚህ ታየ።

ሆሎን፣ ሚኒያፖሊስና ባፋሎ

የእጅ ስልክ ሁሉ ካሜራ፣ ኢንተርኔቱም በየኪሱ የሚገኝ ከሆነ ወዲህ በፖሊስ የመጀመሪያ ቃልና በዜጋው ምስል መካከል ያለው ጊዜ ከቀናት ወደ ሰዓታት አጠረ። ኤፕሪል 26 ቀን 2015 በእስራኤል በሆሎን ከተማ ዳማስ ፓካዳ የተባለ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወታደር የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ በፖሊሶች ተደበደበ። በመጀመሪያ የተያዘው ፖሊስ መታህ ተብሎ እርሱ ነበር። በአካባቢው የነበረ የጥበቃ ካሜራ የቀረጸው ፊልም በኢንተርኔት ሲሠራጭ ግን ተጠርጣሪው ተለቀቀ፤ ጠያቂና ተጠያቂ ቦታ ተለዋወጡ። በኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም ሜይ 3 ቀን በቴል አቪቭ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ለሰልፍ ወጡ፤ ፖሊሶችም በድንጋጤ ቦምብ፣ በውሃና በፈረስ በተኗቸው። ለዓመታት «አጋነናችሁ» ሲባሉ ለኖሩት ወላጆች ያ አጭር ፊልም እንደ ሰው ምስክር ሆነላቸው።

ውጤቱስ ምን ሆነ? በጁን 2015 የአገሪቱ ዋና የሕግ አማካሪ በፖሊሱ ላይ ክስ እንዳይመሠረት ወሰነ። በሌላ በኩል በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በ2016 ባቀረበው ሪፖርት በመንግሥት ተቋማት ውስጥ በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ አድልዎ መኖሩን በይፋ አምኖ የማስተካከያ ሐሳቦችን ዘረዘረ። ፊልሙ ደብዳቢውን ሳይሆን ሥርዓቱን ከሰሰ ማለት ይቻላል።

በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ ሜይ 25 ቀን 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሞተ ጊዜ የፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ ሰውየው ከፖሊስ ጋር በተገናኘበት ወቅት በጤና እክል መሞቱን ብቻ የሚገልጽ ነበር። በአጠገቡ ቆማ በእጅ ስልኳ የቀረጸችው የ17 ዓመቷ ዳርኔላ ፍሬዚየር ፊልሙን በኢንተርኔት ስታወጣ ግን ፖሊሱ ዴሬክ ሾቪን ከ9 ደቂቃ በላይ በሟቹ አንገት ላይ ተንበርክኮ መቆየቱ ታወቀ። ኤፕሪል 20 ቀን 2021 ሾቪን በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተባለ፤ የ22 ዓመት ከ6 ወር እስራትም ተፈረደበት። በዚህ ችሎት ዐቃቤ ሕግ የ1992ን የሎስ አንጀለስ ትምህርት አልረሳም፤ ፊልሙን ብቻውን አላቀረበውም። የቀረጸችውን ልጅ፣ በአካባቢው የነበሩትን መንገደኞች፣ የሳንባና የልብ ሐኪሞችን፣ የከተማውንም የፖሊስ አዛዥ ሳይቀር በምስክርነት አቆመ። ምስሉን በሰው ቃልና በሙያ ማስረጃ አጠረው።

በዚያው ሰሞን ጁን 4 ቀን 2020 በባፋሎ ከተማ ሰልፍ ላይ አንድ የ75 ዓመት አዛውንት በወደቁ ጊዜ ፖሊስ ሰውየው ተደናቅፈው ወደቁ ብሎ ነበር። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም ሁለት ፖሊሶች ገፍተው ሲጥሏቸውና ከጆሯቸው ደም ሲፈስ አሳየ። ፖሊሶቹ ታገዱ፣ ክስም ቀረበባቸው፤ በፌብሩዋሪ 2021 ግን ክሱን የመረመሩት የሕዝብ ዳኞች አላጸኑትም። መግለጫው በሰዓታት ውስጥ ውድቅ ሆነ፤ ክሱም በወራት ውስጥ ውድቅ ሆነ።

የመንግሥታት አጸፋ

የመጀመሪያውን ቃል ያጡ መንግሥታት ዝም ብለው አልተቀመጡም። አጸፋቸው በሁለት መንገድ ታይቷል። አንደኛው አውታሩን መቁረጥ ነው። በግብፅ ኻሊድ ሰዒድ የተባለ ወጣት በጁን 2010 በእስክንድርያ በፖሊሶች ተደብድቦ ሲሞት፣ ባለሥልጣኖች የሞተው ዕፅ ውጦ ታንቆ ነው ብለው ነበር። የተጎዳው ፊቱ ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ሲሠራጭ የብዙ ሺህ ወጣቶችን ቁጣ ቀሰቀሰ። እነዚህም ወጣቶች ጃንዋሪ 25 ቀን 2011፣ የአገሪቱ የፖሊስ ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ ለሰልፍ ወጡ። በሦስተኛው ቀን መንግሥት የአገሪቱን ኢንተርኔት ከሞላ ጎደል በሙሉ ዘጋው፤ ተዘግቶም 5 ቀን ያህል ቆየ። ሰልፉ ግን አልተበተነም።

በኢትዮጵያም ይኸው መንገድ ተሞክሯል። የ1997 ዓ.ም.ን ምርጫ ተከትሎ በሰኔ ወርና በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተነሣው ተቃውሞ ብዙ ሰዎች ተገደሉ። የእጅ ስልክ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ እስከ አዲሱ ሺህ ዓመት መባቻ ድረስ ቆየ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን እንደ ደረሰበት፣ ምክትል ሰብሳቢው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ አገር ለቅቀው በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ለዓለም አቀፍ የዜና ድርጅት ሲገልጹ፣ ይህ አሐዝ መንግሥት ቀደም ሲል ከተናገረው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። የዚያን ጊዜ እውነት የወጣው በመንገደኛ ስልክ ሳይሆን በመዝገብ ባለ አደራዎች ሕሊና ነው። ከ11 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ በተፈጠረው መረጋገጥ መንግሥት ራሱ ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሲያምን፣ ተቃዋሚዎች ቁጥሩ ከዚያ በእጅጉ የላቀ ነው አሉ፤ በበዓሉ ታዳሚዎች የተቀረጹ ፊልሞችም በዚያው ዕለት ዓለምን አዳረሱ። በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በእጅ ስልክ የሚሠራው ኢንተርኔትም ለሳምንታት ተዘጋ። አውታር ሲዘጋ የሚዘጋው የተቃዋሚው አፍ ብቻ አይደለም፤ የሐኪም ቤቱ፣ የነጋዴው፣ ልጁን የሚፈልገው ወላጅ ጉዳይ ሁሉ አብሮ ይዘጋል። ከሁሉም በላይ ግን ማስረጃው ትኩስ ሳለ የሚጣራበት ጊዜ ያልፋል።

ሁለተኛው መንገድ ቀረጻውን ራሱን ወንጀል ማድረግ ነው። በዚህ በኩል የሕግ ሙያ በቀጥታ የገባበት ጉዳይ በ2007 በቦስተን ከተማ የተፈጸመው ነው። ሳይመን ግሊክ የተባለ ጠበቃ በአደባባይ ፖሊሶች አንድ ወጣት ሲይዙ አይቶ በስልኩ በመቅረጹ፣ የሰውን ንግግር በስውር መቅዳት በሚከለክለው ሕግ ተይዞ ተከሰሰ። ክሱ ተዘጋ፤ ግሊክም በበኩሉ ፖሊሶቹንና ከተማውን ከሰሰ። በኦገስት 2011 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአደባባይ ሥራውን የሚሠራ ፖሊስን መቅረጽ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት ነው ሲል ወሰነ። በፈረንሳይም በ2020 የቀረበው የጸጥታ ሕግ ረቂቅ የፖሊሶችን ፊት የሚያሳይ ምስል ለጉዳት አስቦ ማሠራጨትን የሚቀጣ አንቀጽ ነበረው። በብዙ ከተሞች ሰልፍ ከተደረገበት በኋላ አንቀጹ ተሻሽሎ ቢጸድቅም፣ ሜይ 20 ቀን 2021 የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ውድቅ አደረገው።

ምስሉና ችሎቱ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ እውነት ጎልቶ ይወጣል። ኢንተርኔት ያስቀረው የመጀመሪያው ቃል የፖሊስ ብቻ መሆኑን ነው፤ የመጨረሻውን ፍርድ ግን አልለወጠም፣ ሊለውጥም አይችልም። በጥንቱ ሥርዓት ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሬው ሰው በአፈርሳታ ይሰበሰብ ነበር፤ ያወቀ እንዲናገር፣ ያየ እንዲጠቁም ይገደድ ነበር። አፈርሳታ የሚጠቁም እንጂ በመጨረሻ የሚፈርድ አልነበረም፤ በቂምና በጭፍን ጥርጣሬ ንጹሕ ሰው የሚጠቁምበትም ጊዜ ነበር። ኢንተርኔትም የዘመኑ አፈርሳታ ነው። የሌላ አገር ወይም የሌላ ዓመት ፎቶግራፍ የዛሬ ነው ተብሎ የሚወጣበት፣ ስሙ ያልተጣራ ሰው ገዳይ ተብሎ የሚጠራበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንዲት ሐሰተኛ ሥዕል ደግሞ የሺህ እውነተኛ ሥዕሎችን ታማኝነት ታጎድፋለች፤ ለማስተባበል ለሚፈልገውም ባለሥልጣን ጥሩ መሣሪያ ትሆናለች።

በዚህም ምክንያት ምስልን ወደ ማስረጃነት የማሸጋገሩ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ከሎስ አንጀለሱ ድብደባ በኋላ በ1992 የተቋቋመው «ዊትነስ» የተባለ ድርጅት ዜጎች ካሜራን ለሰብአዊ መብት ጥበቃ እንዴት እንደሚጠቀሙ ሲያስተምር ቆይቷል። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤትና በካሊፎርኒያ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብት ማዕከል በኢንተርኔት የተገኘ ማስረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ እንደሚጣራና እንደሚጠበቅ የሚደነግግ መመሪያ በጋራ አወጡ። የመመሪያው መንፈስ የጄኖቫ ጠበቆች በእጃቸው የሠሩት ነው፤ ማን ቀረጸው፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ከዚያ ወዲህ በማን እጅ አለፈ፣ ተቆርጧል ወይስ ሙሉ ነው ብሎ መጠየቅ።

መጠበቁም ከማጣራቱ የማይተናነስ ጉዳይ ነው። በ2017 ዩቲዩብ የአክራሪዎችን ፊልም ለማጥፋት የዘረጋው አሠራር በሶርያ የተፈጸመውን ግፍ የሚያሳዩ እጅግ ብዙ ፊልሞችን አብሮ አጠፋ። ባለመብቶቹ የኩባንያው መደርደሪያ የሕዝብ መዝገብ ቤት መስሏቸው ነበር። ንዚማ በካልሲው የሸሸገው ፊልም ቢያንስ በእጁ ነበር፤ በሌላ ሰው አውታር ላይ ብቻ የተቀመጠ ማስረጃ ግን በባለቤቱ እጅ የለም። እንግዲህ ዋናው ቅጂ ሳይነካ በታማኝ ሰው እጅ መቀመጡ፣ የቀረጸውም ሰው ደኅንነት መጠበቁ የመጀመሪያው ተግባር ይሆናል፤ ፊልሙን በአደባባይ ማውጣት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የጊዜ ነገር ነው። በጄኖቫ ድብደባው፣ በለንደን ቀላሉ ክስ የጠፉት ማስረጃ ጠፍቶ ሳይሆን ቀን አልፎ ነው። ይርጋ የተደነገገው ማስረጃ ሲያረጅ ፍርድ እንዳይሳሳት ነው፤ ምስሉ በማያረጅበት ዘመን፣ ተጠርጣሪውም የምርመራውን መዝገብ የሚይዝ ተቋም ባልደረባ በሆነበት ጉዳይ ይኸው ደንብ ለአጥፊው መሸሸጊያ እንዳይሆን ሕግ አውጪውም ዳኛውም ሊያስብበት ይገባል። ጠበቃውም ፊልሙን እንዳየ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ስንት ሰው አየው የሚል ሳይሆን የክሱ ቀን መቼ ያልፋል የሚል መሆን ይኖርበታል።

አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል። በጄኖቫም፣ በለንደንም፣ በሚኒያፖሊስም እውነቱ እያደር ጠርቷል። በችሎት በር ግን ቀን የሚቆጥር ሌላ ባለሥልጣን አለ፤ እውነት እስኪጠራ የሚታደርበት ሌሊት ከይርጋው ዘመን ከበለጠ፣ ሲነጋ የሚገኘው የተጣራ ታሪክ እንጂ ፍርድ አይሆንም። መንገደኛው በስልኩ «በሕግ አምላክ!» ብሏል፤ ሕጉን በጊዜው ማድረስ የሕግ ሰው ፋንታ ነው።